ሰው መስሎ የገባው ጠላት

ልጆቻችን በስልካቸው እያገላበጡ በሚያነቧቸው የሥዕል ታሪኮች ውስጥ ከሰማይ ጠላት የማይወርድበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። መርከብ ይወርዳል፣ ኒውዮርክ ይፈርሳል፣ ካባ ያጠለቀ ጀግና ይደርሳል፣ ጠላት ይሸሻል። አብዛኛው ከዚህ አያልፍም፤ ወላጅንም ብዙ የሚያሳስብ ነገር የለውም። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ ትራሱን ታቅፎ ከአልጋ ላይ ይዘላል፣ ቢበዛ አንድ ብርጭቆ ይሰብራል።

ዛሬ የምናየው ግን ለየት ያለ ነው። «ሲክሬት ኢንቬዥን» ይባላል፤ «ምሥጢራዊው ወረራ» እንበለው። ማርቬል የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2008 በስምንት ክፍል ያወጣው ነው። ደራሲው ብራያን ማይክል ቤንዲስ፣ ሠዓሊው ደግሞ ፊሊፒናዊው ሌኒል ፍራንሲስ ዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚሁ ስም ስድስት ክፍል ያለው የቴሌቪዥን ድራማ ወጥቷል፤ ድራማውን ያየ ሰው ግን መጽሐፉን አወቅሁት እንዳይል። ሁለቱ ከስማቸውና ከጠላቶቹ በቀር የሚጋሩት ጥቂት ነው። እኔ የማወራው ስለ መጽሐፉ ነው።

ጠላቶቹ ስክረል ይባላሉ። ቆዳቸው አረንጓዴ፣ ጆሯቸው ሹል፣ አገጫቸው የተሸበሸበ ሲሆን፣ ትልቁ ኃይላቸው የፈለጉትን መልክ መልበስ ነው። ሰው ሲያሻቸው ሰው፣ እንስሳ ሲያሻቸው እንስሳ ይሆናሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት በ1960ዎቹ መጀመሪያ «ፋንታስቲክ ፎር» በተባለው መጽሔት ሁለተኛ ቁጥር ላይ ነው። የዚያ ታሪክ መጨረሻ የኛን ገበሬ ፈገግ ያሰኛል፤ የተያዙት ስክረሎች አእምሯቸው ተደንዝዞ፣ ላም ነን ብለው እያመኑ በመስክ ላይ ሣር ሲግጡ ቀሩ። በ1990ዎቹ የወጣ ሌላ ታሪክ ደግሞ እነዚያ ላሞች ታርደው ሥጋቸው ለገበያ እንደ ቀረበና የበሉትን ሰዎች እንዴት እንዳደረጋቸው ይተርካል። በዐቢይ ጾም ማግሥት ለሚነበብ ታሪክ አይመከርም።

«ምሥጢራዊው ወረራ» የሚነሣው ከአንዲት ሬሳ ነው። ኤሌክትራ የተባለች ተዋጊ ጃፓን ውስጥ ትገደላለች። የወደቀችው ግን ሰው አልነበረችም፤ ስትሞት አረንጓዴ መልኳ ወጣ። ጀግኖቹ ሬሳዋን ከብበው ቆመው አንዱ ሌላውን ያያል። እሷ ስክረል ከነበረች ከመካከላችን ሌላስ ማን አለ? ከስንት ዓመት ጀምሮ? ጥርጣሬው ከዚህ በኋላ እንደ ምስጥ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። የቤቱ ታማኝ አገልጋይ የነበረው ሽማግሌው ጃርቪስ ሳይቀር መልኩን ይጥላል። ለዓመታት ሻይ ሲያቀርብ፣ ካፖርት ሲቀበል የኖረ ሰው!

ከመጽሐፉ ሁሉ እኔን የያዘኝ የክሊንት ባርተን ታሪክ ነው። ቀስተኛው ክሊንት ሚስቱ ሞታበታለች። አንድ ቀን ከጠላት መርከብ ውስጥ «እኛ ታፍነን የቆየን እውነተኞቹ ነን» የሚሉ ሰዎች ሲወጡ እሷም አብራ ትወጣለች። ማመን ይፈልጋል፤ ይፈራልም። ስለዚህ ከሁለቱ በቀር ማንም የማያውቀውን የቤታቸውን ኀዘን ይጠይቃታል። ትመልሳለች። በትክክል ትመልሳለች። አቅፎ ያለቅሳል። ጥቂት ገጾች አልፈው እሷም ስክረል ሆና ትገኛለች፤ ኀዘናቸውን ሳይቀር ቀድተውት ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ልጇ ከጦርነት ያልተመለሰላት አንባቢ ይህን ገጽ እንደ ልጆች ቀልድ ልታልፈው አትችልም።

የስክረሎቹ ንግሥት ቬራንኪ ራሷ ስፓይደር ውማን የተባለችውን የጄሲካ ድሩን መልክ ለብሳ በጀግኖቹ መካከል ተቀምጣለች። ቶኒ ስታርክ ቆስሎ በወደቀበት መጥታ «አንተም እኮ ከእኛ ወገን ነህ፤ ረስተኸው ነው እንጂ» ትለዋለች። ውሸት ነው። እሱ ግን ለቅጽበት ራሱን ይጠራጠራል። ቤንዲስ እዚህ ላይ ብልህ ነው። ወራሪው ከተማውን ሳያፈርስ በፊት መተማመንን እንደሚያፈርስ ያሳያል፤ መርከቦቹ የሚመጡት ሰው ሁሉ ለየብቻው ከቆመ በኋላ ነው።

እንደ መጽሐፍ ግን ምሉዕ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ትንፋሽ ያሳጥራሉ። ከስድስተኛው ጀምሮ ወሬው ሁሉ በኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ በሚደረግ ድብድብ ይዋጣል። በአንድ ገጽ ላይ ከሃምሳ የማያንስ ሰው ይጋጫል፣ ማን ማንን እንደመታ አይለይም። አንዳንዱ ቁልፍ ነገርም በስምንቱ ክፍሎች ውስጥ የለም። በጎን በወጡ ሌሎች መጽሔቶች ተበትኗል፤ እነሱን ያልገዛ ልጅ ጎደሎ ታሪክ ይዞ ይቀራል። ይህ የአሳታሚው የገበያ ዘዴ ነው፤ ለደራሲነት ግን አያስመሰግንም። የስክረሎቹም ነገር ቢሆን በቂ አልተነገረም። ዓለማቸው ጠፍቶባቸው፣ ምድር ለእናንተ ተሰጥታለች የሚል ትንቢት ይዘው የመጡ ስደተኞች ናቸው። ከዚህ ብዙ ሊወጣ ይችል ነበር፤ ደራሲው ግን ቸኩሏል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። እዚሁ ጎንደር የጎረቤቴ ልጅ፣ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ከታላቅ ወንድሙ ስልክ ላይ ይህን ታሪክ አየ። ከዚያ ሦስት ቀን አያቱን ሲከታተል ከረመ። በመጨረሻ «አባባ፣ እውነት አንተ ነህ?» አለው። አያቱ «ታዲያ ማን ልሁን ልጄ?» ቢለው፣ «እውነተኛው አባባ ቢሆን ኖሮ ትናንት ሸንኮራ ይገዛልኝ ነበር» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አያትዬው ሸንኮራውን ገዛ፤ ጉዳዩም ተዘጋ። ልጅ ፍርሃቱን በሸንኮራ ይለውጣል። አዋቂ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለውጥም። እኔን ያሳሰበኝም ከልጁ ይልቅ የእኛው የአዋቂዎቹ ነገር ነው።

«ሰው መስሎ በመካከላችን የሚኖር፣ ሲመሽ ሌላ ፍጡር የሚሆን» የሚለውን ታሪክ አሜሪካኖች አልፈጠሩትም። በደምቢያ፣ በወገራ፣ በስሜን ደጋ ያደግን ሁሉ በምድጃ ዳር ሰምተነዋል። ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ ይውላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባልን። ሸክላ ሠሪዋ ዓይኗን ከጣለችብህ ትበላሃለች ተባልን። ሕፃን ሲያምር «አያምርም» ይባላል፣ ክታብ ይታሰርለታል፣ እንግዳ ሲመጣ ምግቡ ይከደናል። ቡዳ! ይህን ቃል ስንቶቻችን እንደዋዛ ለልጅ ማስፈራሪያ አድርገነዋል?

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በማርቬል መጽሐፍ ውስጥ ስክረሎች በእርግጥ አሉ፤ ደራሲው ስለፈጠራቸው ተጠርጣሪው ሲሞት አረንጓዴ ይሆናል፣ ጠርጣሪውም ልክ ሆኖ ይገኛል። በእኛ አገር ግን ጅብ የሆነ ሰው አልነበረም። የነበረው ማረሻ የሚሠራ፣ ማጭድ የሚስል፣ ምሳር የሚቀጠቅጥ ሰው ነው። የነበረችው እንስራና ምጣድ፣ ድስትና ጀበና የምትሠራ እናት ናት። ገበሬው በእሱ ማረሻ አርሶ፣ ሚስቱ በእሷ ምጣድ ጋግራ፣ ማዕድ አብሮ ለመቅመስ ግን ይፈራ ነበር። መሬት በርስት የመያዝ መብት ለተነፈገው ሰው የቀረው እጁ ብቻ ነበር፤ በእጁ ሠርቶ ቢያድር ደግሞ የእጁ ሥራ የጅብነቱ ማስረጃ ሆነበት።

ስሙን መጥራት ያስፈልጋል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ወለቃ የሚባል መንደር አለ። ዛሬም በመንገዱ ዳር ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ይሸጣሉ። መንደሩ የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበር። «ፈላሻ» ሲባሉ የኖሩት፣ አንጥረኞቹ፣ ሸማኔዎቹ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ፣ ግንበኞቹ። የቡዳነቱ ሐሜት በአካባቢያችን ከማንም ይልቅ በእነሱ ላይ የተጫነ ነበር፤ ምንም እንኳ በሌላው አካባቢ ቀጥቃጩና ፋቂው ክርስቲያንም እስላምም ቢሆን ከዚሁ ስም ባያመልጥም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሱዳን በኩል በእግር ወጡ፤ ብዙዎች በመንገድና በመጠለያ ቀሩ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ተጓጓዙ። ለመሄዳቸው ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እምነት አለ፣ ረሃብና ጦርነትም አለ። «ጅብ ነህ» ሲባሉ መኖራቸው ግን ከምክንያቶቹ ውስጥ የለም የሚል ካለ ያስረዳኝ።

መንግሥትም ቢሆን ነገሩን ዛሬ አላወቀውም። ዐፄ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሠራተኛን በሥራው መስደብ፣ አንጥረኛውን ጠይብና ቡዳ ማለት ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ቃሉ ግን በየቤታችን አለ።

ስለዚህ «ምሥጢራዊው ወረራ»ን ከልጅ ጋር ስናነብ ልንቆምበት የሚገባው ገጽ የሚፈነዳው መርከብ ያለበት አይደለም። መጨረሻው አካባቢ ያለው ጸጥ ያለው ነው። ጦርነቱ አልቋል፣ የታፈኑት እውነተኞቹ ሰዎች በአንድ መርከብ ውስጥ በሕይወት ተገኝተዋል፣ አንድ በአንድ ይወጣሉ። የክሊንት እውነተኛ ሚስትም ከመካከላቸው አለች። ጄሲካ ድሩም ትወጣለች። ምንም አላደረገችም፤ ንግሥቲቱ መልኳን ስትሰርቅ እሷ ታስራ ነበር። ይሁንና ሰዎቹ ሲያዩዋት ፊታቸው ይጠቁራል። የሚጠሉት ፊት የእሷ ፊት ነው። እሷም ይገባታል። ደራሲው እዚህ ላይ ብዙ ቃል አላባከነም፤ ሠዓሊውም ዓይኖችን ብቻ ሥሎ ተወው። ልጁን «ይቺ ሴት ምን አጠፋች?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ስለ ወለቃ ንገሩት። በእኛ ሰፈርም ሰው ስለ ሥራው፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ አነጋገሩ የሌላ ፊት ተለጥፎበት ያውቃል ወይ ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ እንደየቤታችሁ መልሱለት። በዚህ ዘመን መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በስልክ የሚመጣውን ወሬ ማየት ይበቃል።

ከዋናው ታሪክ ጎን ከወጡት መካከል አንዱን ግን ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። «ብላክ ፓንተር» በተባለው መጽሔት ከቁጥር 39 እስከ 41፣ እዚያው 2008 ላይ የወጣ ነው። ጄሰን አሮን ጽፎታል፣ ጄፍቴ ፓሎ ሥሎታል። ስክረሎቹ ማንም ወራሪ ረግጧት የማያውቀውን አፍሪካዊቷን ዋካንዳን ሊይዙ ይመጣሉ። ዋካንዳ በካርታ ላይ የለችም፤ ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1966 የፈጠሯት ናት። የኛ ልጅ ግን ወዲያው ዓድዋን ያስታውሳል፤ አልፈርድበትም፣ እኔም አስታውሻለሁ። የሁለቱም ወገን ረቂቅ መሣሪያ ከጥቅም ውጪ ሆኖ ጦርነቱ በጎራዴና በጦር ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከአያቶቻችን ወግ ጋር ፍጹም ይመሳሰላል።

እኔ የወደድኩት ድሉን አይደለም፤ የስክረሉን አዛዥ ነው። አርጅቷል። ስንት ዓለም አስገብሯል። ይህ የመጨረሻ ዘመቻው ነው፤ ከዚህ በኋላ ወደ ቤተሰቡ ሊመለስ ነው። አሮን ታሪኩን በአብዛኛው የሚያሳየን በእሱ ዓይን ነው፤ በሦስት ቀጫጭን መጽሔቶች፣ ዋናው መጽሐፍ በስምንት ክፍል ያልሰጠንን ሰጠን፦ ጠላትም አባት መሆኑን። ከዚያ መጨረሻው ይመጣል። ዋካንዳዎች የሞላውን ጦር ይጨርሱታል፣ ሬሳውን በመርከቡ ጭነው ወደ መጣበት ይሰዱታል፣ ለሚቀጥለው ወራሪ የሚሆን መልእክትም ይጽፉበታል። ወጣቱ አንባቢ እዚህ ላይ ያጨበጭባል። እኔ ያን ሽማግሌ እያሰብኩ ማጨብጨብ አቃተኝ። የታሪኩ ጥንካሬም ይህ ይመስለኛል።

ለጎንደር ሰው ወረራ ደግሞ ሁልጊዜ በድል አያልቅም። በ1880 ዓ.ም. የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ሣር ውኃ ላይ ተሸንፎ፣ ደርቡሽ ከተማዋ ድረስ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥሏል፣ ሰውንም ማርኮ ወስዷል። ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ ንቦች ወጥተው ወራሪውን አባረሩት ተብሎ ይነገራል። ልጄን ወደዚያ ስወስደው ንቦቹን ከየትኛውም ልዕለ ጀግና አስበልጦ ወደዳቸው። ካባ የላቸውም፣ ስምም የላቸውም፣ ቤታቸውን ጠብቀው ተመለሱ።

ደብረ ብርሃንን ካነሣሁ አይቀር፣ «የሥዕል መጽሐፍ ማንበብ አናውቅበትም» ለምትሉኝ አያቶች አንድ ነገር ልበል። ከልጆቹ በተሻለ ታውቁበታላችሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በክፍል በክፍል የተሣለ ታሪክ ነው፤ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ያነበዋል። ጊዮርጊስ በፈረሱ ደራጎኑን ሲወጋ፣ ክፉው በአንድ ዓይን፣ ደጉ በሁለት ዓይን ሲሣል እያያችሁ ነው ያደጋችሁት። በጠላ ቤትና በሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የንግሥተ ሳባ ታሪክም በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ተከፍሎ የሚነበብ ነው። አሜሪካኖች ኮሚክ የሚሉት ከዚህ የሚለየው ቃላቱ ከሰዎቹ አፍ በፊኛ መውጣታቸው ነው። ስለዚህ መነጽራችሁን አድርጉና ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ። እሱ እንግሊዝኛውን ይተርጉም፣ እናንተ ሥዕሉን ተርጉሙ። የቅንድብ መኮማተርን፣ የእጅ አጣጣልን ከእናንተ የተሻለ የሚያነብ ልጅ የለም፤ ስክረሉ የትኛው እንደሆነ ቀድማችሁ ብታውቁም አይገርመኝም።

ዕድሜን በተመለከተ፣ «ምሥጢራዊው ወረራ»ን ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ብቻውን አልሰጥም። ደሙ ብዙ ሆኖ አይደለም፤ የወላጁን ፊት እንዲጠራጠር የሚያደርግ ታሪክ ለብቻ የሚነበብ ስላልሆነ ነው። የዋካንዳውን ግን ለአሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ላለ አቆዩት፤ ግርፋትና ሬሳ አለበት። ትንሹ ልጅ አምርሮ ካለቀሰባችሁ የላሞቹን ታሪክ ስጡት።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገራችን እንመለሳለን። በሥራት ደበበ በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተመውንና በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚነበበውን «ጀምበር»ን እናያለን። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከትምህርት ወጥቶ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ወጣት ነው። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ወጣት ካለ እሱንም ጠርታችሁ አስቀምጡት።